የራሴን ሽማግሌዎች የነዳሁ ዕለት

ሽማግሌ የላከ ሰው ያን ቀን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል፤ ሰዎቹ እስኪመለሱ በር በሩን ያያል። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ አግቢው እዚያ አካባቢ ድርሽ አይልም። እኔ ግን ሽማግሌዎቼን ራሴ በመኪና ጭኜ የልጅቷ አባት በር ላይ አራግፌያለሁ። ቢጠይቁኝ ሹፌር ነኝ ልል። እንዲህ ያደረግኩት ሞኝ ስለነበርኩ ብቻ አይደለም፤ ሞኝነቱ እንዳለ ሆኖ ዋናው ምክንያት ካምቢዮ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ፋይል እያወጣሁ ፋይል እመልሳለሁ። የምኖረው ጊዮርጊስ አጠገብ ባለች አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋዬን፣ ጠረጴዛዬንና እኔን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ስለማትችል ጠረጴዛው ውጭ ያድራል። ነገር ግን መኪና ነበረኝ። አብዮቱ ሲመጣ ሻንጣውን ጠቅልሎ አገሩ የገባ አንድ ግሪክ ነጋዴ በርካሽ የሸጠልኝ ትንሽ ሰማያዊ መኪና። ከቤቴ እስከ ፒያሳ ኬክ ቤት በእግር ሦስት ደቂቃ ነው። እኔ በመኪና እሄዳለሁ። በመኪና አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ መኪናዋን የሚገፋ ሰው መፈለግ አለብኝ። ደርሼ መስኮቱ አጠገብ እቀመጥና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከማኪያቶው ቀኝ በኩል፣ ሁሉም እንዲያየው አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ነዳጅ በኩፖን ስለነበር የወሩ ድርሻዬ የሚያልቀው እዚችው ፒያሳ ስመላለስ ነው። የአራዳ ልጆች ስም አወጡልኝ፤ "ባለ ቁልፉ" ይሉኝ ነበር። ባለ መኪናው እንኳ ሊሉኝ አልፈቀዱም።

የሺን ያገኘኋት እዚያው ፒያሳ ነው፤ አንድ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ራስ ምታት ሳይኖረኝ ለሁለት ወር ያህል የራስ ምታት ኪኒን ገዛሁ። በሦስተኛው ወር፣ "ይሄ ሁሉ ኪኒን ሐኪም ሳያይህ አይሆንም" አለችኝና ሳቀች፤ እኔም በዚያው ቀረሁ። ዓመት ከመንፈቅ ተዋደድን። ዕቁብ ገባሁ፤ "ይሄ ለሠርጋችን ነው" ብዬ ነገርኳት። እሷም አመነችኝ።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ፊቷ ልክ አልነበረም።

"ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኳል" አለችኝ። "የእርሻ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው። አባዬ ለሰኞ መልስ እሰጣለሁ ብሏቸዋል። ያንተ ሰዎች በዚህ እሁድ ካልመጡ በቃ፣ ተወው።"

"እሁድ ይመጣሉ" አልኳት።

"ደግሞ ስማኝ፣ መኪናዋን ተዋት። አባዬ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። መኪና ሲያይ ወገቡን ነው የሚያመው። በእግራቸው ይምጡ፤ ቁልቁለት አይደል?"

እሺ አልኳት። በልቤ ግን ሌላ ነገር ይዞኛል። ሥራ አስኪያጁ የመንግሥት መኪና ከነሹፌሩ አለው፤ ሽማግሌዎቹን በዚያ ነው የላካቸው። የኔ ሽማግሌዎች ታዲያ አቧራ ለብሰው በእግራቸው ሊገቡ ነው? አይሆንም አልኩ። እሁድ እሁድ መኪና በታርጋ ተራ የሚነዳበት ዘመን ነበርና ካላንደሩን ባየው የኔ ታርጋ ተራ ነው። እግዚአብሔርም ፈቅዷል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ቅዳሜ መኪናዋን ከአትክልት ተራ ዝቅ ብሎ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሁለተኛ ማርሽ ከገባ በኋላ ተመልሶ መውጣት ጀምሯል፤ በጉልበቴ ደግፌ ካልያዝኩት አይቆምም። ጋሽ ሙሄ የሚባሉ የወሎ ሰው ናቸው መካኒኩ። ከሥር ገብተው የካምቢዮውን ዘይት በቆርቆሮ ቀዱና ብርሃን ላይ አወጡት። ዘይቱ ያብለጨልጫል።

"ወርቅ እንዳይመስልህ" አሉኝ። "ማርሽህ ነው። ተፈጭቶ ተፈጭቶ ይሄን አህሏል።"

"ይጠገናል?"

"ምኑ ይጠገናል? መቀየር ነው። ደግነቱ አንድ ካምቢዮ አለ፤ ከተጋጨች መኪና የወጣ። ዘጠኝ መቶ ብር ይላሉ። እስከ ሰኞ አስይዝልሃለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ሌላው ይወስደዋል።"

ዘጠኝ መቶ ብር የአራት ወር ደመወዜ ነው። ደግሞም፣ ነገር ሲመጣ እንዲህ ነው የሚመጣው፣ በዚያው ሳምንት የደረሰኝ የዕቁብ ብር ልክ ነው። ሠርጉ ይቅር ብዬ አላሰብኩም፤ እሱን እንኳ ባስብ ሰው ነኝ። እኔ ያሰብኩት ስለ ሠርጉ ሌላ ቀን አስባለሁ ብዬ ነው።

"ይያዙልኝ፤ ሰኞ ብሩን አመጣለሁ" አልኳቸው።

"እስከዚያ አትንዳት። የግድ ከሆነብህም ቁልቁለት አትውረድ፤ የወረድክበትን አትወጣውም።" እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መኪናዋን በሐዘን አይዋት። "የኋላ ማርሿ ግን ደህና ናት። ብዙም አልሠራችም መሰለኝ።"

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጊዮርጊስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አንደኛው ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ አፈ ጉባኤው እሳቸው። ሁለተኛው የነፍስ አባቴ መምሬ፣ ሦስተኛው የመዝገብ ቤት አለቃዬ። አለቃዬ ወፍራም ናቸው፤ እሳቸው ሲገቡ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ዘመመች። ጋሽ ወልዴ የሹፌሩን ወንበር ሲያዩ እኔ ነኝ።

"አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?" አሉኝ።

"እኔ ካልያዝኩት ሁለተኛ ማርሽ አይቆምም፣ ጋሼ። በር ላይ አውርጃችሁ ዞር እላለሁ። ሹፌር ነው በሉ።"

"የገዛ ሽማግሌውን የሚነዳ ሰው ሰምቼ አላውቅም" አሉና አማተቡ። መምሬም አብረዋቸው አማተቡ።

ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት ወረድን። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ስቤያለሁ፤ ቀኝ ጉልበቴ ማርሹን ደግፏል፤ ፍሬኑን ረግጬ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ እጸልያለሁ። ድልድዩን አልፈን አቶ ደምሴ፣ የየሺ አባት፣ ወዳሉበት ጠባብ መንገድ ስንታጠፍ ሁለተኛው ማርሽ ወጣ። መልሼ ላስገባው ስል የተሰማው ድምፅ ምስማር በጥርስ እንደመፍጨት ነው። ፊቴ ተጨማደደ፤ እኔን ያመመኝ ያህል "እህ!" አልኩ። ቀና ስል አንድ ረጅም ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደለበሱ በራቸው ላይ ቆመው ያዩኛል። አቶ ደምሴ ናቸው። መኪናዋ እንደምንም ተንፏቃ እግራቸው ሥር ቆመች።

ሽማግሌዎቹ ወረዱ፤ ሰላምታ ሆነ፤ ገቡ። እኔ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ልሸሽ ብል የለም። ሁለተኛ የለም። ሦስተኛማ ድሮም አልነበረም። ያለችው የኋላዋ ብቻ ናት፤ ከኋላዬ ደግሞ አህዮች ቆመዋል። መሪው ላይ ጎንበስ ብዬ ተደበቅኩ።

መስኮቱ ተንኳኳ። አቶ ደምሴ ናቸው።

"ሹፌር፣ ና ግባ።"

"ኧረ ግድ የለም ጋሼ፣ እዚሁ እጠብቃለሁ።"

"እኔ በር ላይ ሹፌር ውጭ አይቀመጥም" አሉኝ፤ ድምፃቸው ከበድ አለ። "ስንት ሠርግ፣ ስንት ክርስትና ሰው አድርሼ መኪና ውስጥ ተቀምጬ በመስኮት በሣህን ሰጥተውኛል። እኔ ቤት ይሄ አይደረግም። ውረድ።"

ወረድኩ። ምን ላድርግ?

ስገባ ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው እየተናገሩ ነበር። ጋሽ ወልዴ ሲያዩኝ ቃሉ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ፤ አለቃዬ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። አቶ ደምሴ በሩ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና፣ "ይቀጥሉ" አሏቸው።

"እንግዲህ... ልጃችን አስፋው ይባላል" ቀጠሉ ጋሽ ወልዴ፤ እኔ ላይ ላለመድረስ ዓይናቸውን ግድግዳ ላይ ተክለው። "ጨዋ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የራሱ መኪና አለው። ቤቱም ሰፊ ነው።"

ውጭ የሚያድረው ጠረጴዛዬ ትዝ አለኝ። ቤቱ በእርግጥም ጠረጴዛው ከወጣ በኋላ ይሰፋል።

"ሠርጉንም በወጉ አድርጎ ይደግሳል። ብሩን በዕቁብ አጠራቅሟል" አሉ አለቃዬ፤ ሊያግዙ ብለው።

አቶ ደምሴ ተቀመጡ አሏቸው፤ ተቀመጡ። የየሺ እናት ሞሰብ አቀረቡ። መምሬ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ "መልስ ሳናገኝ አንቀምስም" አሉ። ይሄም ደንቡ ነው።

"ደንባችሁን አከብራለሁ" አሉ አቶ ደምሴ። "ሹፌሩ ግን ሽማግሌ አይደለም። ሹፌር ይበላል። የሺ! ለሹፌሩ ውኃ አምጪ!"

ከጓዳ የሺ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዛ አንገቷን ደፍታ ወጣች። እጆቼን ዘረጋሁ። እጆቼን አወቀቻቸው። ቀና አለችና ከኮፍያው ሥር አየችኝ፤ ዓይኖቿ ፈጠጡ፤ ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ውኃውን ከመዳፌ አሳልፋ እጅጌዬ ውስጥ ለቀቀችው። እስከ ክርኔ ቀዘቀዘኝ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አልለየሁም።

እንግዲህ እዩኝ። አምስት ሰው ዙሪያዬን ተቀምጦ አይበላም። እኔ ብቻዬን ሞሰብ ፊት ተጎልቼ እበላለሁ። የሺ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች።

"አንተ ልጅ፣ ይሄን አስፋው የሚባለውን ታውቀዋለህ?" አሉኝ አቶ ደምሴ።

ጉርሻዬን ዋጥኩ። "አውቀዋለሁ፣ ጋሼ።"

"ሽማግሌ ያው ያሞግሳል፤ ሥራው ነው። ሹፌር ግን የሰውን ነገር ያውቃል። መኪናዋ የሱ ናት?"

"የሱ ናት።"

"ካምቢዮው ሞቷል፤ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"እና ምን አስቧል?"

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ለመዋሸት ደግሞ አዲስ አልነበርኩም። ግን የሺ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ኪኒኑን ስገዛ እንደምታየኝ፣ ገና ሳልናገር አውቃ።

"ሊቀይረው ነው" አልኩ። "ሰኞ። ዘጠኝ መቶ ብር።"

"ከየት አምጥቶ?"

"የዕቁብ ብር አለው።"

ጋሽ ወልዴ ሳሉ። አለቃዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የየሺ ትከሻ መንቀጥቀጡን አቆመ፤ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። ሳቅ እንዳልሆነ አሁን አወቅኩ።

"ሠርጉስ?" አሉኝ አቶ ደምሴ።

"ስለ ሠርጉ አላሰበም።" አንዴ ከጀመርኩ መቆም አልቻልኩም። "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ይሄ ልጅ ቂል ነው። ሦስት ደቂቃ መንገድ በመኪና የሚሄድ ሰው ነው። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ካላስቀመጠ ማኪያቶው አይጣፍጠውም። የሚኖረው በአንዲት ክፍል ነው። መኪናዋን ከወሰዱበት ሰው የሚያየው አይመስለውም። ልጅዎ በእግራቸው ይምጡ ብላው ነበር። ያፈረው በእግሩ ሳይሆን በራሱ ነው። ግን ይወዳታል። እሱን አልዋሽም። ብትቀርበት ካምቢዮ አይደለም፣ መኪና ሙሉ ቢሰጡት ምንም አይሠራለትም።"

እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው እንዲሉ ብዬ አፍንጫዬን ጠረግኩ።

አቶ ደምሴ ጎንበስ አሉና እጃቸውን ታጥበው ወደ ሞሰቡ ቀረቡ። አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ።

"ይሄ የሹፌሩ ነው" አሉና አጎረሱኝ።

ጉንጬን ሞልቶ እንደምንም ዋጥኩት። ገና ሳልጨርስ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ሌላ ጠቀለሉ።

"ይሄ ደግሞ የአስፋው ነው" አሉኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ። "እዚህ የለም አሉ። አንተው ጉረስለት።"

ጎረስኩ። የሺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። መምሬ ቀስ ብለው እጃቸውን ለውኃ ዘረጉ። አለቃዬ መልሱ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ጋሽ ወልዴን በክርናቸው ጎሸም አደረጉ፤ ጋሽ ወልዴም፣ "ታጠብ፣ ታጠብ፣ አልቋል" አሏቸው በሹክሹክታ። አቶ ደምሴ ለወጉ ያህል የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ፤ "ያን ጊዜ ግን በእግራችሁ ኑ" ብለው።

አሁን መመለስ ቀረ። ጋሽ ሙሄ እንዳሉት የወረድኩበትን ልወጣው አልቻልኩም፤ ያለችን የኋላዋ ማርሽ ብቻ ናት። ሽማግሌዎቹ እንሂድ በእግራችን አሉ፤ አቶ ደምሴ ግን፣ "ሹፌር መኪናውን ጥሎ አይሄድም፤ እንግዳም በመጣበት ይመለሳል" ብለው አስገቧቸው። ራሳቸው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከመኪናዋ ጀርባ ቆሙና፣ "ና፣ ና፣ ወደ ቀኝ፣ ቀጥ፣ ና!" እያሉ መምራት ጀመሩ። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት በኋላ ማርሽ ወጣነው። አንገቴ ተጠምዝዞ ሊቀር ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የተዉት መንገድ ሲርቃቸው በክብር ያያሉ።

ፒያሳ ስንደርስ አንድ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ አስቆመን።

"ወዴት ነው፣ ጓድ?"

"ወደ ጊዮርጊስ።"

"ጊዮርጊስ በዚያ፣ ፊትህ በዚህ?"

ከኬክ ቤቱ በር አንዱ የአራዳ ልጅ አወቀኝ። "ጓድ፣ ባለ ቁልፉ ነው! መኪናዋ አድኃሪ ስለሆነች ወደፊት አልል ብላው ነው! እርምጃ ይወሰድባት!" ብሎ ጮኸ። እርምጃ በዚያ ዘመን ለሳቅ የሚሆን ቃል አልነበረም፤ ሰዉ ሁሉ ጥበቃውን አየ። ጥበቃው መኪናዋን አየ፣ መምሬን አየ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው የሚመሩትን አቶ ደምሴን አየ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። "እለፉ!" አለ። ፒያሳ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ያን ያህል ሰው እንዲያየኝ ለዓመታት ስመኝ ነበር፤ ደረሰልኝ።

ሰኞ ጋሽ ሙሄ ዘንድ ሄድኩ። ብሩን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እስከ ጋራዡ በር ድረስ አልቆረጥኩም ነበር። ካምቢዮው በዘይት ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ያምራል። አየሁት፣ አየሁት፣ ከዚያ "ጋሽ ሙሄ፣ መኪናዋን ለመለዋወጫ የሚገዛ ሰው ይፈልጉልኝ" አልኳቸው። ካምቢዮውን በጨርቅ ሸፈኑና፣ "ልጅቷን ሰጡህ ማለት ነው" አሉኝ።

አቶ ደምሴ እንዴት እንዳወቁኝ የነገሩኝ ከሠርጉ ብዙ ቆይቶ ነው። "ማርሹ ሲጮህ ፊትህ ተጨማደደ" አሉኝ። "ተቀጣሪ ሹፌር ማርሽ ሲጮህ ይሳደባል እንጂ አያለቅስም። መኪናው ያንተ ነው፤ መኪናው ያንተ ከሆነ ልጁ አንተ ነህ። ያስገባሁህ ልሳቅብህ ብዬ ነበር። ተናግረህ ስትጨርስ ግን አልሳቅኩም።"

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ከኔ የተሻለ ቁልፍ ይኖራል። ያዙት፤ ክፉ ነገር አይደለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ሊያምረኝ ሲል ራሴን ሹፌር አድርጌ በርጩማው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ "ይሄን አስፋው የሚባለውን ታውቀዋለህ?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ የሚያኮራ አይደለም። ቢሆንም ከሽማግሌዎቹ ይልቅ እሱን አምነዋለሁ።

ልጆቻችን አድገው ቤቱ ሰፍቷል፤ ጠረጴዛውም ውስጥ ያድራል። የሺ ዛሬም እንግዳ ሲኖር ማንቆርቆሪያውን ይዛ ዙሪያውን ታስታጥባለች። ለሁሉም መዳፍ ላይ በጥንቃቄ ትቀዳለች። እኔ ጋ ስትደርስ እጅጌዬ ውስጥ ትለቀዋለች።